የቡና ሽል በጠርሙስና በፍሬ ውስጥ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቡና ናቸው። ገሚሱ ከቲሹ ካልቸር (ከተክል ቁራጭ በጠርሙስ ውስጥ ችግኝ ከሚያወጣ) ላቦራቶሪ፣ ገሚሱ ከችግኝ ጣቢያ፣ አንዱ ደግሞ ከባሕር ማዶ ነው የመጣው። ሁሉም የሚያነሱት ግን አንድ ነገር ነው፦ ሽሉ በሚበስልበት ጊዜ ምን ያገኛል? ያንን ካላገኘስ ምን ይሆናል? ስለዚህ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ከቅጠል ቁራጭ የቡና ሽል ይወጣል ሲባል እሰማለሁ። ቅጠል እንዴት ሽል ይሆናል? ዘር ውስጥ ካለው ሽልስ በምን ይለያል?
*የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ፣ ጅማ*

መልስ፦ የቅጠል ሴል ሙሉ ተክል ለመሥራት የሚያስፈልገውን የዘረመል መረጃ በሙሉ ይዟል፤ ቅጠል ሆኖ ሲኖር ግን አብዛኛውን ዘግቶ ነው የሚኖረው። ላቦራቶሪው የሚያደርገው ሴሉን አስጨንቆ የተዘጋውን ማስከፈት ነው። መቆረጡ ራሱ አንድ ጭንቀት ነው፤ ዋናው ግን 2,4-ዲ የሚባለው ሰው ሠራሽ ኦክሲን (የተክል ማደጊያ ሆርሞን) ነው። አዎ፣ ገበሬው ለአረም የሚረጨው ያው «ቱፎርዲ» ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው። ተክሉ የራሱን ኦክሲን በቶሎ ይሰባብረዋል ወይም ከስኳርና ከአሚኖ አሲድ ጋር አስሮ ያስቀምጠዋል። 2,4-ዲን ግን እንዲያ በቀላሉ አይፈታውም፤ ስለዚህ ትእዛዙ ሴሉ ውስጥ ይቆያል። በዚህ መሃል ሽልን የሚያስጀምሩት ጂኖች ይከፈታሉ። በአረቢዶፕሲስ ተክል ላይ እንደታየው፣ «ቤቢ ቡም» ወይም «ሌክ2» ከሚባሉት ጂኖች አንዱን ብቻ በኃይል ማስነሳት፣ ከውጭ ሆርሞን ሳይጨመር ቅጠል ላይ ሽል ያስወጣል።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጣዩን ነው። ሽሉን የሚያስጀምረው 2,4-ዲ፣ ሽሉን እንዳያድግ የሚያስረውም እሱው ነው። ሽል ሥሩንና ቡቃያውን የሚለየው ኦክሲን በአንዱ ወገን ሲበዛና በሌላው ሲያንስ ነው፤ ይህን ልዩነት የሚፈጥሩት «ፒን» የሚባሉ የሴል ሽፋን ፕሮቲኖች ኦክሲኑን ወደ አንድ አቅጣጫ እያሻገሩ ነው። ቁራጩ የሚያድግበት ምግብ (ሚዲያው) ሁሉ በኦክሲን ከተሞላ ልዩነት የሚባል ነገር አይኖርም። ሴሎቹ እየተከፋፈሉ ይከመራሉ እንጂ ላይና ታች አይለዩም። ሽሉ በሚወጣበት ደረጃ ላይ 2,4-ዲ ከሚዲያው የሚወጣው ለዚህ ነው።

በቅርጽ ረገድ ሁለቱ ሽሎች ብዙም አይለያዩም። ሁለቱም ከሉል ወደ ልብ ቅርጽ፣ ከዚያ ወደ ቶርፒዶ፣ በመጨረሻም ሁለት ክክ ወዳለው ሽል ያልፋሉ። የሚለያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ፍሬ ውስጥ ያለው ሽል ቅርጹን ከያዘ በኋላ ስንቁ የሚሞላበትና ውሃው የሚቀንስበት ረጅም ጊዜ አለው፤ አረቢካ ቡና ከአበባ እስከ ቀይ እሸት ከ7 እስከ 9 ወር ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ እናት ተክል ሱክሮዝና አሚኖ አሲድ ታቀብላለች፤ አብሲሲክ አሲድ የሚባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፤ ሽሉን የከበበው ፈሳሽም በስኳር ወፍሮ ውሃን አጥብቆ ይይዛል። ሽሉ ያለጊዜው እንዳይበቅል የሚያግዱት እነዚህ ናቸው። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሽል አንዳቸውንም በራሱ አያገኝም።

ቡና ላይ የሚጨመር ነገር አለ። እንደ ባቄላ ስንቁ ክኩ ውስጥ አይደለም። የቡና ሽል ከፍሬው አንድ ጫፍ የተቀበረች፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የምትሆን ትንሽ ነገር ናት፤ ቆልተን የምንፈጨው ከሞላ ጎደል በሙሉ ኢንዶስፐርም፣ ማለትም የሽሉ ስንቅ፣ ነው። ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ የሴል ግድግዳ ስኳሮች (በዋናነት ማናን፣ ፍሬውን ያን ያህል ያጠነከረው እሱ ነው)፣ 15 በመቶ አካባቢ ዘይት፣ ከ6 እስከ 9 በመቶ ሱክሮዝ፣ 10 በመቶ አካባቢ ደግሞ ፕሮቲን ነው። ከቅጠል የተገኘው ሽል ይህ ኢንዶስፐርም ከነጭራሹ የለውም። ሚዲያው ውስጥ በሊትር 30 ግራም ስኳር የምንጨምረው ያንን ጉድለት ለመሸፈን ነው፤ ስኳር ብቻውን ግን ኢንዶስፐርምን አይተካም።

ለታሪኩ ያህል፦ ከአካል ሴል የወጣ ሽል መጀመሪያ የተገለጸው በካሮት ላይ በ1958 ነበር፣ ስቱዋርድና ራይነርት ለየብቻቸው። በቡና ዝርያዎች ላይ ስታሪትስኪ በ1970፣ በአረቢካ ቅጠል ላይ ደግሞ ሶንዳልና ሻርፕ በ1977 አሳይተዋል። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የአረቢካ ቅጠል ቆርጠን ሚዲያ ላይ ስናስቀምጥ በሁለትና በሦስት ቀን ጠርዙ ይጠቁራል። ያልጠቆረውም ካለስ (ቅርጽ የሌለው የሴል ክምር) ካወጣ በኋላ ቡናማ ይሆንና እንጥለዋለን። የት ላይ ነው የሳትነው?
*የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ ሐዋሳ*

መልስ፦ የምታዩት ሁለት የተለያየ መጥቆር ነው። አንዱ ጉዳት ነው፣ ሌላው ግን መጣል የሌለበት ነው።

በሦስት ቀን የሚመጣው የመጀመሪያው ነው። የቡና ቅጠል ክሎሮጀኒክ አሲድ በሚባል ፌኖል የበለጸገ ነው። ምላጩ ሴሉን ሲከፍተው ይህ አሲድ ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ ከሚባለው ኢንዛይምና ከአየር ጋር ይገናኛል፤ የሚወጣው ኪዊኖን ፕሮቲኖችን አጣብቆ የቁስሉን ጠርዝ ይገድላል። የደነዘ ምላጭ ቅጠሉን ስለሚጨፈልቀው ችግሩን ያብሳል፤ ምላጩን በየ10 እና በየ15 ቁራጩ ቀይሩት። ቅጠሉን በአየር ላይ ሳይሆን፣ በሊትር 100 ሚሊግራም አስኮርቢክ አሲድና 100 ሚሊግራም ሲትሪክ አሲድ ባለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ ቁረጡት። አስኮርቢክ አሲድ ሙቀት ስለማይችል በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉት እንጂ አውቶክሌቭ አታድርጉት (በእንፋሎት ግፊት አትቀቅሉት)። የመጀመሪያውን ሳምንት በጨለማ አቆዩት።

አክቲቬትድ ቻርኮል (ልዩ የከሰል ዱቄት) እንድትጨምሩ የሚመክራችሁ ይኖራል። በዚህ ደረጃ ላይ አትስሙት። ቻርኮሉ ፌኖሉን እንደሚጠጣ ሁሉ 2,4-ዲውንም ይጠጣዋል፤ ቁራጩ ይነጣል፣ ካለስም አይወጣም። ቦታው በኋላ ሽሉ ሲበቅል ነው።

የቅጠሉም ምርጫ ወሳኝ ነው። ከጫፍ ሁለተኛው ጥንድ፣ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ግን ገና ለስላሳ የሆነው ይመረጣል። እናት ተክሉ ጥላ ቤት ውስጥ ይሁን፤ ከላይ ውሃ አታርከፍክፉበት፣ ከሳምንት በፊት የፈንገስ መድኃኒት ርጩበት። ከማሳ በቀጥታ የመጣ ቅጠል በውስጡ ባክቴሪያ ይዞ ስለሚመጣ በረኪና አያጸዳውም። ማጽጃው፦ 70 በመቶ አልኮል ለ30 ሴኮንድ፣ ከዚያ 1 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ለ15 ደቂቃ ከሁለት ጠብታ ትዊን-20 (ሳሙና መሰል ማርጠቢያ) ጋር፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 200 ሚሊሊትሩን በ800 ሚሊሊትር ውሃ ታቀጥናላችሁ፤ ክዳኑ ከተከፈተ የቆየ በረኪና ግን ኃይሉን ያጣል።

ቅጠሉን ዋናውን ጅማትና ዳር ዳሩን አስወግዳችሁ አንድ ሳንቲሜትር በአንድ ሳንቲሜትር አድርጉት። ሰፊ ተቀባይነት ያለው አሠራር ሁለት ሚዲያ ይጠቀማል። የመጀመሪያው በሊትር፦ የሙራሺጌና ስኩግ ጨው (ኤምኤስ) በግማሽ፣ ሱክሮዝ 30 ግራም፣ 2,4-ዲ 0.5 ሚሊግራም፣ አይቢኤ (ሌላ ኦክሲን) 1 ሚሊግራም፣ ቱ-አይፒ (ሴል እንዲከፋፈል የሚያደርግ ሆርሞን) 2 ሚሊግራም፣ ጄልራይት (ማርጊያ) 2.5 ግራም፣ ፒኤች 5.6። በ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨለማ አንድ ወር ይቆያል። ከዚያ 2,4-ዲ 1 ሚሊግራም፣ ቢኤፒ (እንደ ቱ-አይፒ ያለ ሆርሞን) 4 ሚሊግራም፣ አዴኒን ሰልፌት 60 ሚሊግራም ወዳለው ሁለተኛ ሚዲያ ይዛወራል። 2,4-ዲ በውሃ አይሟሟም፦ 50 ሚሊግራሙን በ1 ሚሊሊትር ኤታኖል ካሟሟችሁ በኋላ ውሃ እስከ 50 ሚሊሊትር ሙሉት። 0.5 ሚሊሊትሩ ለአንድ ሊትር የመጀመሪያው ሚዲያ ይበቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው መጥቆር እንምጣ። በሁለተኛው ሚዲያ ላይ የመጀመሪያው ካለስ ቡናማ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ የሞተም ይመስላል። ያ የሚጠበቅ ነው። ከብዙ ወራት በኋላ፣ አንዳንዴ ከ4 አንዳንዴ ከ8፣ ከዚያ ቡናማ ክምር ጠርዝ ላይ እንደ ሽሮ ፍርፋሪ የሆነ ፈዛዛ ቢጫ ነገር ብቅ ይላል። የምትፈልጉት ሽል ሰጪ ካለስ እሱ ነው። ሳህኑን በሦስተኛው ወር የጣለ ላቦራቶሪ አያገኘውም። ውሃ ያዘለና ነጭ የሆነው ለስላሳ ካለስ ግን ቢበዛም አይጠቅምም። ጥርጣሬ ካለ ጥቂቱን በአሴቶካርሚንና በኢቫንስ ብሉ ቀብታችሁ በማይክሮስኮፕ እዩት፦ ሽል ሰጪዎቹ ሴሎች ትንንሽና ጥቅጥቅ ያሉ ሆነው ደማቅ ቀይ ይሆናሉ፤ ረጃጅሞቹና ባዶዎቹ ሰማያዊ ይወጣሉ።

ጥያቄ፦ ሽሎቹ በብዛት ይወጣሉ። ግን ገና ሳይጎለብቱ ሥር ይለቃሉ፣ ገሚሱ እንደ ብርጭቆ ያንጸባርቃል፣ ለማድረቅ ስንሞክርም ሁሉም ይሞታል። አብሲሲክ አሲድ መጨመር አለብን? በምን መጠን?
*ተመራማሪ፣ አዲስ አበባ*

መልስ፦ ሽሉ ቅርጹን እንደያዘ በቀጥታ ወደ መብቀል የሄደው መሃል ያለው የብስለት ደረጃ ስለተዘለለ ነው። ፍሬ ውስጥ ሽሉን ከመብቀል ያገዱት አብሲሲክ አሲድና የውሃ እጥረት ነበሩ፤ ሁለቱንም እናንተ ማቅረብ አለባችሁ።

ቅድሚያ ግን የሴሉን ብዛት እዩ። ለማባዛት በፈሳሽ ሚዲያ በሊትር 10 ግራም አካባቢ ሴል ይያዛል፤ ሽል ለማስወጣት ግን ወደ 1 ግራም ወይም ከዚያ በታች መቀነስ አለበት። ተጨናንቀው ያሉ ሴሎች የሚለቋቸው ነገሮች ሽሉን ሉል ላይ ያስቆሙታል። በዚህ ደረጃ 2,4-ዲ የለም፤ ቢኤፒ ብቻ ነው።

አብሲሲክ አሲድ የስንቅ ፕሮቲንና «ሊያ» የሚባሉ የድርቀት ተከላካይ ፕሮቲኖች ጂኖችን ያስነሳል፤ «ኤቢአይ3» የሚባለው ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ከሆርሞኑ ጋር አብሮ ይሠራል። ለመጀመር 10 ማይክሮሞላር ጥሩ ነጥብ ነው። ሞለኪዩላዊ ክብደቱ 264.3 ስለሆነ 26.4 ሚሊግራሙን በጥቂት ጠብታ 1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙታችሁ ውሃ እስከ 100 ሚሊሊትር ስትሞሉት 1 ሚሊሞላር ክምችት ይወጣል፤ ከዚያ 10 ሚሊሊትር ለአንድ ሊትር። አውቶክሌቭ ከተደረገ በኋላ ሚዲያው ሲበርድ በማጣሪያ ይጨመር፤ ብርሃን ስለሚጎዳው ጠርሙሱን በፎይል ጠቅልሉት። ስትገዙ መለያውን አንብቡ፦ ርካሹ ብዙ ጊዜ የሁለት ቅርጾች ድብልቅ ነው፤ የተፈጥሮው ቅርጽ ግማሹ ብቻ ነው። የሌላ ሰው መጠን ስትወስዱ ከየትኛው ጋር እንደሠራ ካላወቃችሁ በእጥፍ ልትስቱ ትችላላችሁ።

ለውሃ እጥረቱ ስኳር መጨመር የሚቀናው ሰው ብዙ ነው። ስኳር ግን በሴል ግድግዳ ውስጥ አልፎ ስለሚገባ ሴሉ ከግድግዳው ተላቆ ይሸበሸባል። ፖሊኢትሊን ግላይኮል 4000 ግን ሞለኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ ግድግዳውን አያልፍም፤ ሴሉና ግድግዳው አብረው ውሃ ያጣሉ፤ የተፈጥሮ ድርቀትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በስፕሩስ ዛፍ ሽሎች ላይ 7.5 በመቶ ፖሊኢትሊን ግላይኮል ከአብሲሲክ አሲድ ጋር ሲሰጥ የስንቅ ዘይቱ በግልጽ ጨምሯል። ለቡና ከ5 በመቶ ጀምሩ። አጋር ከእሱ ጋር በደንብ አይረጋም፤ ፈሳሽ ሚዲያ ላይ የማጣሪያ ወረቀት ዘርግታችሁ ሽሉን ከላዩ አስቀምጡት።

ናይትሮጅኑንም አትርሱ። ኤምኤስ ውስጥ ያለው 60 ሚሊሞላር ያህል ናይትሮጅን ሁለት ሦስተኛው ናይትሬት ነው፤ ሽሉ ይህን ወደ አሞኒየም ለመለወጥ ጉልበት ያወጣል። በሊትር 400 ሚሊግራም ግሉታሚን (ይህም በማጣሪያ) ፕሮቲን የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ በቀጥታ ያቀርብለታል።

እንደ ብርጭቆ የሚያንጸባርቀው ውሃ ስላዘለ ነው። ጊዜያዊ ማጥለቂያ ዕቃ (ሽሉን ለአጭር ጊዜ ብቻ በፈሳሽ ሚዲያ የሚነክር) ካላችሁ የማጥለቂያውን ጊዜ ቀንሱ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ። በአንድ ጊዜ ብዙ ደቂቃ ማጥለቅ፣ የሽሉ ቁጥር ቢበዛም እንኳ፣ ጥራቱን ይገድላል። ሪፖርት ላይ ቁጥሩ ያምራል፤ ችግኝ ቤት ሲደርስ ነው ጉዱ የሚታየው።

ማድረቁ በአንድ ቀን አይሆንም። ላሚናር ሁድ (የተጣራ አየር የሚነፍስበት ጠረጴዛ) ሥር የተከፈተ ሳህን በሰዓታት ይደርቃል፤ ሊያ ፕሮቲኖቹም ሆኑ ሱክሮዝና ራፊኖዝ የሚባሉት ስኳሮች ለመሰብሰብ ጊዜ አያገኙም። ክዳናቸው የሚገጥም ማሰሮዎች አዘጋጁና በየአንዳንዱ ታች የጨው ሙሌት (ጨው መሟሟት እስኪያቅተው የተጨመረበት ውሃ) አስቀምጡ፤ በ25 ዲግሪ ፖታሲየም ሰልፌት 97 በመቶ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 84 በመቶ፣ ተራ የገበታ ጨው 75 በመቶ የአየር እርጥበት ይሰጣሉ። ከታች ያልሟሟ ጨው መታየት አለበት፤ ካልታየ ሙሌት አይደለም። ሽሉን ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ሁለት ሁለት ቀን እያቆያችሁ አሻግሩት። በአልፋልፋ ሽል ላይ አብሲሲክ አሲድና ቀስ ያለ ድርቀት ተጣምረው 15 በመቶ አካባቢ እርጥበት ድረስ ደርቆ የሚበቅል ሽል ሰጥተዋል። ከቡና ግን ያን ያህል አትጠብቁ፤ የቡና ዘር ራሱ ድርቀትን በግማሽ ልብ ነው የሚችለው።

ጥያቄ፦ ከላቦራቶሪ የወጣው ችግኝ ሁሉ ከእናቱ ጋር አንድ ነው? ዘሩ እያለ ለምን ይህ ሁሉ ድካም?
*ቡና አልሚ፣ ቦንጋ*

መልስ፦ አረቢካ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ ለተራ ዝርያ ዘር ይበቃዎታል። ድካሙ ለዲቃላ ነው። እንደ አባ ቡና፣ መልኮ ሲኤች-2 እና ጋዌ ያሉት ከጅማ የወጡ ዲቃላዎች ዘራቸው ተለቅሞ ከተዘራ ልጆቹ ይበታተናሉ፤ ዲቃላውን በዘር ማባዛት ሁሌ አበባ በእጅ ማዳቀል ይጠይቃል። በመካከለኛው አሜሪካ የቡና ዲቃላዎች በሽል ብዜት በብዛት የሚመረቱት ለዚሁ ነው።

አንድ ስለመሆናቸው፦ ባብዛኛው አዎ፤ ሁሌ ግን አይደለም። በዘይት ዘንባባ ላይ ከቲሹ ካልቸር የወጡ ዛፎች ከዓመታት በኋላ የተበላሸ ፍሬ አፈሩ፤ በ2015 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ጥናት ምክንያቱን «ካርማ» የሚባል ተንቀሳቃሽ ዲኤንኤ የሜቲል ምልክቱን (ዝም የሚያሰኘውን ኬሚካላዊ ምልክት) ማጣቱ እንደሆነ አሳየ። የዲኤንኤው ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ምልክቱ ነው። በቡናም ሴሉ በፈሳሽ ሚዲያ በቆየ ቁጥር ያፈነገጡ ችግኞች ይበዛሉ። ሲገዙ «የሴሉ ዕድሜ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከግማሽ ዓመት በላይ ያረጀ ከሆነ ችግኙን ከመቀበልዎ በፊት በቅጠል ቅርጽና በቁመት አንድ በአንድ ያስለዩ።

ጥያቄ፦ ከሱቅ ጥሬ ቡና ገዝቼ ለልጆቼ ለማሳየት ዘራሁት፤ ሁለት ወር ሆኖታል፣ ምንም የለም። አፈሩ ይሆን?
*አንባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ*

መልስ፦ አፈሩ አይደለም። ለመጠጥ የተዘጋጀ ጥሬ ቡና 11 በመቶ አካባቢ እርጥበት ድረስ ደርቆ፣ ገለባው ተፈልፍሎ፣ በመርከብና በመጋዘን ወራት አሳልፎ ነው የሚደርስዎ። ሲፈለፈል ሽሉ ያለበት ጫፍም ይጎዳል። ሞቷል። እዚያው አሜሪካ ችግኝ ከሚሸጡ ትንሽ የቡና ተክል በማሰሮ ቢገዙ ይሻላል። ከአገር ቤት እሸት ይዞ መግባትን አንመክርም፤ የቡና ተክልና ዘር የኳራንቲን ሕግ አለው።

ጥያቄ፦ በኅዳር የለቀምነው ዘር በየካቲት ስንዘራው ግማሹ አይበቅልም። ያደረቅነው በሚገባ ነው። እንዴት እናቆየው?
*የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፣ ይርጋ ጨፌ*

መልስ፦ «በሚገባ» ያሉት ነው የሚያጠራጥረን። የማሽላ ዘር በደረቀ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል። ቡና ግን በመሃል ያለ ዘር ነው፤ ከ10 በመቶ በታች ሲደርቅ መሞት ይጀምራል፤ ደርቆ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ ደግሞ ቅዝቃዜው ራሱ ይገድለዋል። ለሽያጭ የሚሰጣውን ቡና በሚያደርቁበት ፀሐይ ዘሩን አብረው ካደረቁት ችግሩ እዚያው ላይ ነው።

ሙሉ ቀይ የሆነውን እሸት ብቻ ይልቀሙ፤ በዕለቱ በእጅ ይፈልፍሉት፤ ውሃ ላይ የተንሳፈፈውን ያስወግዱ። ከነገለባው በወንፊት አልጋ ላይ በጥላ ያድርቁት፣ በቀን ደጋግመው ያገላብጡት። መቼ እንደሚያቆሙ ሚዛን ይነግርዎታል። አዲስ የተፈለፈለው ዘር እርጥበቱ 45 በመቶ ቢሆንና 12 በመቶ ላይ ማቆም ቢፈልጉ፦ 10 ኪሎ × (100 − 45) ÷ (100 − 12) = 6.25 ኪሎ። ከረጢቱ 6.25 ኪሎ ሲመዝን ማድረቁን ያቁሙ። መነሻ እርጥበቱን ለማወቅ በአቅራቢያዎ ያለ ላቦራቶሪ ናሙናውን በ103 ዲግሪ ለ17 ሰዓት አድርቆ ይመዝንልዎ፦ 10 ግራም ገብቶ 8.8 ግራም ከወጣ እርጥበቱ 12 በመቶ ነው።

በዚህ እርጥበት አየር በማያስገባ ፕላስቲክ፣ 15 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ያስቀምጡት። ለሦስት ወር ብቻ ከሆነ ግን ባያደርቁት ይቀላል፤ የላዩ ውሃ ብቻ ተኖ 40 በመቶ አካባቢ እርጥበት ያለውን ዘር ከነገለባው በፕላስቲክ አሽገው በዚያው 15 ዲግሪ ያቆዩት። እንዲህ የተያዘ ዘር ከሁለት ዓመት በኋላም የበቀለበት ጊዜ አለ። ጠላቱ ሻጋታ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ከፍተው ይዩት፣ ሙቀቱ 20 ካለፈ ዘሩ ከረጢቱ ውስጥ ይበቅላል።

ከመዝራትዎ በፊት በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ሁለት ወር መጠበቅ አያስፈልግም። 50 ዘር ወስደው ገለባውን ያንሱ፤ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ ሽሉን በስለታም ምላጭ ሳይቆርጡ ያውጡ። በ0.5 በመቶ ቴትራዞሊየም፣ ፒኤች 7 አካባቢ፣ በጨለማ በ30 ዲግሪ ሦስት ሰዓት ያቆዩት። የሚተነፍስ ሴል ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ቀለም የሌለውን ፈሳሽ ወደ ቀይ ፎርማዛን ይለውጡታል። እኩል ሮዝ የሆነው ሕያው ነው፤ ነጭ የቀረው የሞተ። የሥሩ ጫፍ ብቻ ነጭ ከሆነም አይቁጠሩት። ድቅድቅ ቀይ ግን አያስደስትዎ፤ የተጎዳ ሴል ፈሳሹን ያለ ልክ ስለሚያስገባ ነው።

ሲዘሩ ገለባውን ያንሱ፣ ስንጥቁን ወደ ታች አድርገው አንድ ሳንቲሜትር ያህል ይቅበሩት። ዘር ማብቀያ ተብሎ ጂበረሊን የሚባለውን ሆርሞን የሚሸጥልዎ ካለ አይግዙ። ቡና ከሌላው ዘር ይለያል፤ ከውጭ የሚጨመር ጂበረሊን ብቅለቱን ያውካል። የቡና ሽል የሚወጣው ኢንዶ-ቤታ-ማናኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ከፊቱ ያለውን የማናን ግድግዳ ሲያላላለት ነው፤ የሚያስፈልገው ሙቀትና እርጥበት ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ባለው የዘር ባንክ ማሽላና ጤፍ በቅዝቃዜ ይቀመጣል። ቡና ለምን በማሳ?
*የባዮሎጂ መምህር፣ ጎንደር*

መልስ፦ ምክንያቱ ከላይ ያለው ነው። ማሽላና ጤፍ ደርቀው ከዜሮ በታች ይቀመጣሉ፤ ቡና አይችልም። ስለዚህ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የቡናን ክምችት ጅማ ዞን ጮጬ ላይ በሕያው ዛፍ ይዟል። ማሳ ግን በሽታና ድርቅ ያሰጉታል። ያለው አማራጭ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ፣ ማቆየት ነው። ዘሩ በአንድ ግራም ደረቅ ክብደት 0.20 ግራም ውሃ ላይ መሆን አለበት፤ ይህ በደረቅ መሠረት ሲሰላ 20 በመቶ፣ በእርጥብ መሠረት ግን 16.7 በመቶ ነው፤ ተማሪዎችዎ ሁለቱን እንዳያምታቱ። ከናይትሮጅን የወጣ ዘር ብዙ ጊዜ ኢንዶስፐርሙ ተጎድቶ አይበቅልም፤ ሽሏ ግን ውስጡ ሕያው ሆና ትገኛለች። አውጥተው ሆርሞን በሌለው ሚዲያ ላይ ቢያስቀምጧት ትበቅላለች።

ጥያቄ፦ ከዘርና ከላቦራቶሪ ሽል ፕሮቲን አውጥቼ በጄል (ፕሮቲኖች በመጠናቸው በሚለያዩበት) አነጻጸርኩ። የላቦራቶሪው ምንም የስንቅ ፕሮቲን አላሳየም፤ የዘሩ ደግሞ ቡናማ ጭጋግ ሆኗል። ውጤቱን ልመነው?
*የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ባሕር ዳር*

መልስ፦ ገና አይመኑት። መጀመሪያ ምን ከምን ጋር እንዳነጻጸሩ ያረጋግጡ። ሙሉ የቡና ዘር ፈጭተው ከሆነ ያወጡት የኢንዶስፐርም ፕሮቲን ነው፤ ከላቦራቶሪ ሽል ጋር የሚወዳደረው ከዘሩ የወጣችው ሽል ብቻ ናት። ሁለተኛ፣ ጄሉን በእርጥብ ክብደት ከጫኑት የላቦራቶሪው ሽል አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ስለሆነ ፕሮቲኑ የሌለ ይመስላል። በደረቅ ክብደት ያስሉት፣ በእያንዳንዱ መስመር እኩል 15 ማይክሮግራም ፕሮቲን ይጫኑ።

ቡናማው ጭጋግ ፌኖል ነው። ዱቄቱን አስቀድመው በቀዝቃዛ አሴቶን ሁለት ጊዜ ይጠቡት፤ ዘይቱም አብሮ ይወጣል። ማውጫው 50 ሚሊሞላር ትሪስ፣ ፒኤች 8፣ 0.5 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 2 በመቶ ፒቪፒፒ (ፌኖል የሚይዝ) እና ዲቲቲ (በፕሮቲን ክፍሎች መካከል ያለውን የሰልፈር ማሰሪያ የሚፈታ) ይኑረው። ጨው ከሌለ ግሎቡሊኑ (ዋናው የስንቅ ፕሮቲን) አይሟሟም፤ ያወጡት በውሃ ወይም ቀጭን በሆነ በፈር ከሆነ ዋናው የስንቅ ፕሮቲን ከዝቃጩ ጋር ተጥሏል። በ12,000 ጂ፣ በ4 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ ያሽከርክሩት። በብራድፎርድ (በቀለም የሚሠራ የፕሮቲን መለኪያ) የሚለኩት ኤስዲኤስ (ለጄል የሚጨመር ሳሙና መሰል ነገር) ከመጨመርዎ በፊት ነው፤ ኤስዲኤስ ራሱ ቀለሙን ይለውጠዋል።

የሚፈልጉት 11ኤስ ግሎቡሊንን ነው። ዲቲቲ በሌለው የጄል ናሙና ከ50 ኪሎዳልተን በላይ እንደ አንድ ሰረዝ ይታያል፤ ዲቲቲ ሲኖር ወደ 30ዎቹና ወደ 20ዎቹ ኪሎዳልተን ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ከላይኛው ማውጫ ዲቲቲውን ያስቀሩበት አንድ ናሙና ለብቻ ይዘው፣ ሁለቱን በአንድ ጄል ጎን ለጎን ይሩጡ፤ መከፈሉ ካልታየ ያዩት ሰረዝ ሌላ ፕሮቲን ነው። አብሲሲክ አሲድ ያገኘና ያላገኘ የላቦራቶሪ ሽልም በዚያው ጄል ላይ ይጨምሩ። ባገኘው ላይ ብቻ ሰረዙ ብቅ ካለ የጎደለው የፕሮቲን ማውጫዎ ሳይሆን የሽሉ ብስለት ነው።